የላሟ መርፌ ለፍየሏ ይሆናል ወይ? ግቢ ውስጥ እንስሳ ላላችሁ ስለ ሆርሞን

ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ፣ ወይ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ በኩል የምትኖሩ ሰዎች ግቢያችሁን ባላየውም ውስጡ ያለውን እገምታለሁ። አንድ ሁለት የተዳቀለች ላም፣ ከኋላ ዶሮ፣ ለበአል ተገዝቶ የተረፈ በግ፣ ፍየል፣ በር ላይ ውሻ። የእንስሳት መድሀኒት ቤት ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ ደሞ ሁሌ የምትሰሙት አንድ ነገር ነው፣ "ያን ለጎረቤቴ ላም የሰጠሃትን መርፌ ለፍየሌም ስጠኝ"። አንዳንዴ ይሰራል። አንዳንዴ ደሞ የ3 ወር እርጉዝ ፍየል በ2 ቀን ውስጥ ታስወርዳለች። ልዩነቱ የእድል ጉዳይ አይደለም፣ አንድ አይነት ሆርሞን በተለያየ እንስሳ ገላ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ስለሚለያይ ነው። እሱን ቀለል አድርጌ፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጭምር ልጻፍላችሁ። አመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሆርሞን ማለት አንድ እጢ ወደ ደም የሚለቀው መልእክተኛ ኬሚካል ነው። ደም የማይደርስበት ቦታ ስለሌለ ከጆሮ እስከ ሰኮና ይዞራል፣ ግን ሁሉም ሴል አይሰማውም፣ የሚሰማው ለሱ የተሰራ መቀበያ ያለው ሴል ብቻ ነው። መገናኛ ላይ ረዳቱ "ካራ ካራ ካራ" ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ይሰማል አይደል፣ የሚገባው ግን ካራ የሚሄድ ብቻ ነው። ያው ጩኸት አየር ጤና ላይ ቢሆን ደሞ ሰው ካራ ቆሬ መስሎት ሊገባ ይችላል፣ ጩኸቱ አንድ፣ መድረሻው የከተማው ሌላኛው ጫፍ። እንስሳት ላይ የሚሆነውም ይሄው ነው፣ መልእክተኛው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ የሚለየው ማን ይሰማዋል፣ ሰምቶስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ለምሳሌ ሜላቶኒን። ሌሊት ሌሊት አንጎል ውስጥ የሚመረት ሆርሞን ነው፣ በበግም በፈረስም በሰውም ቅንጣቱ አንድ ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም። አውሮፓ ውስጥ ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒኑ ይበዛና በጓ ድራት (ወንድ መፈለግ) ትጀምራለች፣ ሴቷ ፈረስ ግን ያንኑ መልእክት ሰምታ ታቆማለች። ተቃራኒ! እኛ ጋ ደሞ ቀንና ሌሊቱ አመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ በጎቻችን ወቅት ሳይጠብቁ በየትኛውም ወር ይደራሉ። ስለዚ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጁ "በግ በዚህ ወር ነው የሚዳቀለው" ሲላችሁ ለሱ ሀገር ልክ ነው፣ ለሱሉልታ ግን አይሰራም። ፕሮላክቲንም እንደዛው ነው፣ ላም ላይ ወተት ያሰራል፣ ዶሮን እንቁላል ያሳቅፋል፣ እርግብ ላይ ወንዱም ሴቷም አንገታቸው ስር ባለው የእህል ማቆያ ከረጢት ውስጥ ለጫጩት የሚሆን ወተት መሳይ ነገር እንዲሰሩ ያደርጋል፣ አሳ ላይ ደሞ ጨው የሌለው ውሀ ውስጥ ሲኖር የሰውነቱን ጨው ይጠብቅለታል።

ላሟ ወተቷን አልለቅም ስትል

ወተት የሚሰራው ግት ውስጥ ባሉ በጣም ትንንሽ ከረጢቶች ነው። ላም ላይ ከ100 እጅ 20 ያህሉ ብቻ ነው ወደታች ወርዶ ከጡቱ በላይ ያለው ክፍት ቦታ ላይ የሚጠብቃችሁ፣ ሌላው እዛው ከረጢቶቹ ውስጥ ነው ያለው፣ ጨምቆ የሚያወርደው ደሞ ኦክሲቶሲን ነው። ጥጃው ግቱን ጎሸም ጎሸም ሲያደርግ ወይ እናንተ ለብ ባለ ውሀ አጥባችሁ ስታሹት ነርቩ ለአንጎል ይነግራል፣ አንጎል ስር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ኦክሲቶሲኑን ትለቃለች፣ ከ1 እስከ 1 ተኩል ደቂቃ ባለው ጊዜ ግቱ ያጋታል። የሚቆየው ግን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ነው፣ ከዛ ያልቃል። ስለዚ ባልዲውም መቀመጫውም ጨርቁም ሳይዘጋጅ ግቱን አትንኩ። አጥባችሁ፣ አሽታችሁ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ለብቻ አውጥታችሁ አይታችሁ፣ ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ከዛ ሳታቋርጡ ማለብ ነው። ስልክ ቢጠራም ይጥራ፣ ወተት ገዢ በር ቢያንኳኳም ትንሽ ይቁም።

ሁለተኛው ነገር ፍርሀት ነው። የደነገጠች ላም አድሬናሊን ትለቃለች፣ አድሬናሊኑ ወደ ግቱ የሚሄደውን የደም ስር ያጠበዋል፣ የኦክሲቶሲኑንም ስራ ይዘጋዋል። በዱላ እየነረቱ፣ ውሻ እየጮኸባት፣ የማታውቀው ሰው እየነካት "ወተት ደበቀች" ማለት ትርፉ ድካም ነው፣ ደብቃ አይደለም፣ ሰውነቷ ዘግቶባት ነው። ተዋት፣ ግማሽ ሰአት ያህል ትረጋጋ፣ ከዛ እንደ አዲስ ጀምሩ። በሌላ በኩል ሁሌ በአንድ ሰአት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው የምትታለብ ላም የባልዲውን ድምፅ ስትሰማ ብቻ መልቀቅ ትጀምራለች።

የአበሻ ላም ደሞ ያለ ጥጃ እሺ አትልም። ትንሽ አጥቡትና ጥጃውን ጭንቅላቷ ጋ እሰሩላት፣ ትላሰው። ጥጃ የሞተባትን ላም ሽማግሌዎች የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልተው ሲያቀርቡላት አይታችሁ ከሆነ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሽታው ኦክሲቶሲኗን እየጠራላቸው ነው። የውጪ ደም የበዛባት ላም ግን ያለ ጥጃም ትለምዳለች። ፍየል ደሞ ሌላ ናት፣ ከወተቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ታች ወርዶ ስለሚጠብቅ ብትፈራም የተወሰነ ታገኛላችሁ። እና እባካችሁ በየቀኑ ኦክሲቶሲን እየወጉ ማለብ የሚባለውን ነገር አትጀምሩት፣ ሰውነቷ ይለምደውና ያለ መርፌ በራሷ መልቀቅ እያቃታት ይሄዳል።

ኮርማ ስትፈልግ

ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። ያመለጣችሁ አንድ ድራት ማለት 3 ሳምንት ቀለብ በከንቱ ማለት ነው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ስንት እንደገባ እናንተው ታውቃላችሁ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። እንቁልጢ ላይ እንቁላሏን ይዛ የምታድገው ከረጢት ኤስትሮጅን ታመርታለች፣ ላሟን የሚያቅበጠብጣት፣ የሚያስጮሃት፣ ጥርት ያለ የሚጎተት ፈሳሽ የሚያወርዳት እሱ ነው። ኤስትሮጅኑ ጫፍ ሲደርስ አንጎል ኤልኤች የሚባል ሆርሞን በአንዴ ይለቅና እንቁላሏ ትወጣለች። እንቁላሏ የወጣችበት ቦታ ቢጫ እጢ ሆኖ ፕሮጀስትሮን ማምረት ይጀምራል፣ ላሟም ጸጥ ትላለች። በ16ኛው 17ኛው ቀን አካባቢ ማህፀኗ እርግዝና ካላገኘ ፕሮስታግላንዲን ይልክና ቢጫውን እጢ ያጠፋዋል፣ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ጠቅላላ 21 ቀን፣ ሲያጥር 18 ሲረዝም 24።

ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ መቆሟ ነው፣ እሷ ሌላዋ ላይ መውጣቷ ብቻውን አይበቃም። ችግሩ እኛ ጋ ላሞቹ ቀኑን ሙሉ ታስረው ነው የሚውሉት፣ የታሰረች ላም ደሞ ምን ታሳያለች? ስለዚ ጠዋት 12 ሰአት ላይና ማታ 12 ሰአት ላይ ፈታ አድርጓቸው፣ 20 30 ደቂቃ ቆማችሁ እዩዋቸው፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው በደንብ የሚታየው። ጠዋት ያያችኋትን ማታ፣ ማታ ያያችኋትን በነጋታው ጠዋት አስዳቅሏት፣ ምክንያቱም እንቁላሏ የምትወጣው ድራቱ ከጀመረ ከ24 እስከ 30 ሰአት ገደማ በኋላ ነው። አዳቃዩ ስልክ ካላነሳ ደግማችሁ ደውሉ፣ "ነገ ከሰአት እመጣለሁ" ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ጭራዋ ላይ ደም ካያችሁ ደሞ አልፏችኋል፣ ከ1 እስከ 3 ቀን በፊት ነበር ማለት ነው፣ ቀኑን ጻፉና ከ18 ቀን በኋላ ጀምራችሁ ጠብቁ።

መጻፉ ላይ የኛ ካሌንደር ያግዛችኋል። ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ የላም እርግዝና 280 ቀን ልክ 9 ወር ከ10 ቀን ነው፣ ጥቅምት 1 የተዳቀለች ሐምሌ 11 አካባቢ ትወልዳለች፣ መሀል ላይ ጳጉሜ ካለች 5 ወይ 6 ቀን ትቀንሳላችሁ። በ21ኛው ቀን ድራት ካልመጣ ጥሩ ምልክት ነው ግን ማረጋገጫ አይደለም፣ በ2 በ3 ወሯ ሀኪም ይያት።

ይሄ ሁሉ ግን የላም ሂሳብ ነው። በግ ላይ ዙሩ 17 ቀን ነው፣ ፍየል 21፣ ውሻ በ6 በ7 ወር አንዴ። ድመትና ጥንቸል ደሞ ጭራሽ ሌላ ናቸው፣ እንቁላል የሚለቁት ከወንድ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው፣ ጥንቸል ላይ 10 ሰአት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚ ሁለት ጥንቸል አንድ ላይ አስቀምጦ "ጊዜዋ አይደለም" ብሎ መተማመን አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ስትሸጥ ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። ሁለቱ ሆድ ውስጥ እያሉ የደም ስራቸው ስለሚገናኝ የወንዱ ሆርሞን ወደሷ ይሻገርና ማህፀኗ በትክክል ሳይሰራ ይቀራል፣ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት መካን ናቸው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሊሊ ይሄን በ1916 እና 1917 አካባቢ ነው ያብራራው። ለስጋ ከሆነ ግዙ። የበግና የፍየል መንታ ላይ ግን ይሄ ብዙ አይታይም፣ የሰው መንታ ላይማ አትጨነቁ።

መርፌው

ድራት ለማምጣት የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮስታግላንዲን ነው፣ ያ ማህፀኑ በራሱ ይልከዋል ያልኩት። ቢጫውን እጢ ያጠፋል፣ ላሟ በ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ድራት ታሳያለች። ግን ድራቷ ካለፈ 5 ቀን ካልሞላት አይሰማትም፣ እጢው ገና ነው። አሳማ ላይ ደሞ እስከ 12ኛ ቀን አካባቢ ድረስ አይሰራም። እርጉዝ ከሆነችስ? ፍየል እርግዝናዋን እስከ መጨረሻው የምትይዘው በዛ ቢጫ እጢ ፕሮጀስትሮን ነው፣ ስለዚ በስንተኛውም ወር ብትወጋ ታስወርዳለች። በግ ግን ከ2 ወር ገደማ በኋላ የእንግዴ ልጁ ራሱ በቂ ፕሮጀስትሮን ማምረት ስለሚጀምር ያው መርፌ ብዙ ላይነካት ይችላል። ሁለቱ አንድ በረት ውስጥ እየዋሉ አንድ ሳር እየበሉ! ለዚህ ነው እርግዝና ሳይታይ አይወጋ የሚባለው።

ሌላው ዴክሳ ነው፣ ዴክሳሜታሶን። ለእብጠትም ለአለርጂም ለምኑም ይወጋል፣ በጣም ነው የሚወደደው። ይሄ የኮርቲሶል፣ ሰውነት ሲጨነቅ የሚለቀው ሆርሞን፣ ዘመድ ነው። ላም፣ በግና ፍየል ላይ ምጥ የሚጀምረው ሆድ ውስጥ ያለው ግልገል ወይ ጥጃ ራሱ ኮርቲሶል ሲለቅ ነው፣ "ደርሻለሁ" ማለቱ ነው። ስለዚ በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ያለች ላም ዴክሳ ከተወጋች ሰውነቷ ጊዜው ደርሷል ብሎ ያምጣል፣ ጥጃው ያለ ቀኑ ይወለዳል፣ የእንግዴ ልጁም ብዙ ጊዜ ይቀራል። "ቁርጭምጭሚቷ አብጧል" ብሎ ሊወጋት የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ እርጉዝ መሆኗን ንገሩት፣ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ለሰውም የሚተርፈው። ኒውዚላንዳዊው ሊጊንስ በ1960ዎቹ በጎች ላይ ይሄን ምጥ ሲያጠና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ግልገሎች ሳንባ ከሚጠበቀው በላይ አየር ሲይዝ አየ፣ ከዛ ከስራ ባልደረባው ከሀዊ ጋር ሆነው በ1972 ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ያሉ እናቶች ላይ የሞከሩትን አሳተሙ። ዛሬ ወሊድ ክፍል ውስጥ ለእንደዚህ አይነት እናት የሚሰጠው የሳንባ ማብሰያ መርፌ ከዛ የመጣ ነው፣ እና የሴት ምጥ በዚህ መንገድ ስለማይጀምር መርፌው እሷን አያስምጥም። ያው ሆርሞን፣ ላሟን ያስወልዳል፣ ሴቷን አያስወልድም።

ፕሮስታግላንዲን ስትይዙ ደሞ ጓንት አድርጉ፣ በቆዳ ይገባል። እርጉዝ ሴትና አስም ያለበት ሰው ጭራሽ አይንካው፣ ለልጅ ይዘህ ና ተብሎም አይላክም።

ዶሮና መብራት

ዶሮ የቀኑን ርዝመት የምትለካው በአይኗ ብቻ አይደለም፣ ብርሀኑ የራስ ቅሏን አልፎ አንጎሏ ውስጥ ያለ መቀበያ ላይ ይደርሳል። ፈረንሳዊው ዣክ ቤንዋ በ1930ዎቹ ዳክዬዎች አይናቸው ተሸፍኖም ለብርሀን ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል። አንጎሏ ቀኑ ረዝሟል ካለ ሆርሞኖቹን ይልካል፣ እንቁላል ትጥላለች። የፈረንጅ እንቁላል ጣይ በደንብ እንድትጥል ከ14 እስከ 16 ሰአት ብርሀን ትፈልጋለች፣ አዲስ አበባ አካባቢ ደሞ ቀኑ በታህሳስ 11 ሰአት ተኩል ገደማ በሰኔ 12 ሰአት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚ በአምፖል 3 ሰአት አካባቢ መጨመር አለባችሁ፣ ምግቡ ጥሩ ሆኖ እንቁላሉ ለምን አነሰ የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ ይሄን እዩ። ንጋት ላይ ብትጨምሩ ይሻላል፣ ማታ አምፖሉ ድንገት ሲጠፋ መደርደሪያ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይውጣቸዋል። ያው መብራቱ በየጊዜው ስለሚሄድ በሶላር የምትሰራ ትንሽ መብራት ያዙ፣ ብዙ ድምቀት አያስፈልግም፣ መደበኛነቱ ነው ዋናው። ቄብ ላይ ግን ብርሀን እየጨመራችሁ አታሳድጉ፣ ሰውነቷ ሳይደርስ መጣል ትጀምርና እንቁላሏ ትንንሽ ሆኖ ይቀራል። መጣል ከጀመረች በኋላ ደሞ አትቀንሱ።

የአበሻ ዶሮ 12 15 እንቁላል ትጥልና ልታቀፍ ትቀመጣለች፣ ፕሮላክቲን ነው፣ ስትታቀፍ ከሆዷ ስር ያለው ሙቀትና የእንቁላሉ ንክኪ ራሱ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ጫጩት ካልፈለጋችሁ ማቋረጥ ይቻላል፣ ግን ገልብጦ መስቀሉን፣ አፍንጫዋ ውስጥ ላባ መሰካቱን ተዉት፣ ግፍ ነው። ከስር ሽቦ የሆነ፣ ነፋስ የሚገባው ቀፎ ውስጥ ብርሀን ባለበት ቦታ ምግብና ውሀ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን አቆዩዋት፣ ሆዷ ይቀዘቅዛል፣ የምትታቀፈው የለም፣ ፕሮላክቲኑ ይወርዳል። ጎረቤት ቤት የመውሰዱ ዘዴም የሚሰራው ከጎጆዋ ስለሚለያት ነው።

"የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን ነው በ40 ቀን የሚያድገው" የሚባለውን ነገር ደሞ ተዉት። የእድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፣ ከመኖ ጋር ቢበላ እንደማንኛውም ስጋ ይፈጫል፣ መርፌ ልውጋ ካላችሁ ደሞ ለሺ ዶሮ በየቀኑ ማን ይወጋል? በፍጥነት የሚያድገው ለብዙ አስርት አመታት ተመርጦ ስለተዳቀለና መኖው ስለተመጠነ ነው። ወሬው ከየትም አልመጣም ግን፣ አሜሪካ ውስጥ ዲኢኤስ የተባለ ሰው ሰራሽ ኤስትሮጅን ዶሮ አንገት ስር ይቀበር ነበር፣ በ1959 ተከለከለ።

ሙክት፣ ውሻ፣ እንቅርት

ሙክትና ሰንጋ የምታውቅ ሀገር ስለ ቴስቶስትሮን፣ ከቆለጥ ስለሚወጣው የወንድ ሆርሞን፣ ብዙ መማር አያስፈልጋትም። የቆለጥን ስራ በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው በርቶልድ ነው፣ በ1849 ጎቲንገን ላይ አውራ ዶሮዎችን ኮላሸ፣ ኩክኒያቸው ጠወለገ፣ መጮህና መጣላት ተዉ፣ ቆለጡን ሆድ ውስጥ መልሶ ሲተክልላቸው ግን አውራነታቸው እንዳለ ቀጠለ፣ ነርቩ ተቆርጦም ማለት ነው፣ በደም ነው የሄደው። ለበአል በግ ስትገዙ ግን የሚመለከታችሁ ሌላ ሆርሞን ነው፣ ያ የፍርሀቱ አድሬናሊን፣ ሲንገላታ የመጣ በግ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ጨርሶ ስለሚመጣ ስጋው ይጠቁራል ይደርቃል። ቀን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ ውሀ ስጡት፣ ይረፍ።

ሴት ውሻ ብታረግዝም ባታረግዝም ከድራት በኋላ ፕሮጀስትሮኗ ለ2 ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ስለዚ ከ2 ወር በኋላ ሳትወልድ ጡቷ ወተት ሊይዝ፣ ጫማችሁን እንደ ቡችላ ልትታቀፍ ትችላለች። በሽታ አይደለም፣ ጡቷን አትነካኩ፣ ያልፋል። እንዳትወልድ ተብሎ የሚወጋው የፕሮጀስትሮን መርፌ ግን ማህፀኗ መግል እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል፣ በቀዶ ጥገና ማስመከን ይሻላል።

አንገቱ አብጦ፣ ጸጉር ሳይኖረው የተወለደ ግልገል ካያችሁ እንቅርት ነው፣ እናቱ አዮዲን አንሷታል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ የሚያመርተው ታይሮክሲን በሁሉም ባለ አከርካሪ እንስሳ አንድ ነው፣ ሰርቶ ለመጨረስ ግን 4 አዮዲን ይፈልጋል። ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ በ1912 የፈረስ ታይሮይድ ለእንቁራሪት ልጆች አበላቸው፣ ገና ሳያድጉ ዝንብ የሚያካክሉ እንቁራሪት ሆኑ። አዮዲን ያለው ጨው ስጧቸው፣ የጎመን ዘር ፋጉሎና ጎመን ብቻ አትመግቧቸው፣ እነሱ የታይሮይዱን ስራ ያግዱታል፣ አለዚያ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

"የላም ሆርሞን ወተት ውስጥ አለ፣ ልጆቻችንን ይጎዳል ወይ?"

ብዙ ሰው ይጠይቃል። የላም ኢንሱሊን ከሰው በ3 አሚኖ አሲድ ነው የሚለየው፣ የአሳማው በ1፣ መቀበያችን ያውቃቸዋል፣ ለዚህ ነው በ1922 ቶሮንቶ ላይ ለሞት የተቃረበ የ14 አመት ልጅ ከበሬ ቆሽት በተወሰደ ኢንሱሊን የዳነው፣ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ተሰርቶ በ1982 እስኪፈቀድ ድረስም የስኳር ህመምተኛው በላምና በአሳማ ነው የኖረው። የላም የእድገት ሆርሞን ግን የሰው መቀበያ አያውቀውም፣ አጭር ለሆኑ ልጆች ተወግቶ ተሞክሮ አልሰራም። በአፍ ሲገባማ ይፈጫል። አሜሪካ ወተት ለመጨመር ላም ላይ የሚወጋውን በ1993 ፈቀደች፣ አውሮፓ ከለከለች፣ ዋናው ምክንያታቸው የግት በሽታና እግር ህመም ላሟ ላይ ስለሚያበዛ ነው። ስለዚ ከጎረቤት ወተት ስትገዙ ሆርሞኑን ትታችሁ ላሟ ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ተወግታ እንደሆነና ስንት ቀን እንዳለፋት ጠይቁ።